ጥቆማ፦ የ5 ወር ላብራዶር ውሃ እምቢ አለኝ። አሠልጣኝ፣ ገንዳ ወይስ ራሴ?

የኑግ አባት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ሰላም ወገኖች። ጥቁር ላብራዶር ቡችላ አለኝ፤ ስሙ ኑግ ነው። 5 ወሩ ነው። የገዛሁት ለአደን ነው። ኅዳር ላይ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ዳክዬ ለማደን ወደ ሜሪላንድ ኢስተርን ሾር እንሄዳለን። ኑግ የወደቀውን ዳክዬ ከውሃ አውጥቶ ማምጣት አለበት። ችግሩ ውሃ አይወድም። ባለፈው እሑድ ወንዝ ዳር ወሰድኩት። አፍንጫውን ነከር አደረገና ወደ መኪናው ሮጠ። ዝናብ ሲዘንብማ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ነው የሚሸናው።

ሦስት ነገር እያወዳደርኩ ነው። አንድ፣ የአደን ውሻ አሠልጣኝ ጋ ለ6 ሳምንት ማሳደር። ሁለት፣ የሞቀ የውሻ ገንዳ፤ ለግማሽ ሰዓት 45 ዶላር ብለውኛል። ሦስት፣ ላይፍ ጃኬት ገዝቼ ራሴ ማስተማር። የሞከራችሁ ጠቁሙኝ። የትኛው ጃኬት እንደሚሻልም ንገሩኝ።

ሰቨን ኮርነርስ
ለግማሽ ሰዓት 45 ዶላር! ወንድሜ፣ እኔ ራሴ ዋና አልችልም። በዚያው እኔንም ይዘኸኝ ሂድ። ጅራት ግዴታ ከሆነ እገዛለሁ።

የቤቲ እናት
ጃኬቱን አናንዴል ካለችው ትንሿ የውሻ ዕቃ ሱቅ ግዛ። 9 ዓመት ደንበኛቸው ነኝ። ባለቤቱ ውሻህን አይቶ ልኩን ይነግርሃል። ሌላ ቦታ አትድከም።

የኑግ አባት
አመሰግናለሁ እህቴ። የምን ስሪት ጃኬት ነው የሚሸጡት?

የቤቲ እናት
ስሪቱን አላየሁም። ቀይ ነው። ቤቲ ቺዋዋ ናት፤ ለልደቷ ፎቶ ነበር የገዛሁላት። ውሃ ገብታ አታውቅም። ሰውዬው ግን በጣም ጥሩ ሰው ነው።

ተቃጥዬ ነው
አሠልጣኝ የሚለውን ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ቢጫ ላብራዶሬን፣ የ7 ወር ቡችላ፣ እንደ አንተው ለ6 ሳምንት ሰጠሁ። ሙሉውን ቅድሚያ ከፈልኩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ናፈቀችኝና ሳልደውል ሄድኩ። ሚያዝያ ነበር፤ እኔ ጃኬት ለብሼም ይበርደኛል። ውሃው ላይ ከተሠራው መድረክ ጫፍ አቁመዋታል። አንዱ ከኋላ ገፋት። ወደቀች፣ ጠለቀች፣ ወጣች። እየጮኸች ወደ ዳር ስትመጣ መልሰው ሊያወጧት ማሰሪያዋን ያዙ። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚጀምሩት፣ ትለምዳለች» አሉኝ።

ያን ቀን ይዣት ወጣሁ። ገንዘቤን አልመለሱም። ዛሬ ሻወር ስከፍት አልጋ ስር ትገባለች። መንገድ ላይ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ካየች ዞራ ነው የምትሄደው። አደን ቀርቶ ገላዋን ማጠብ ጦርነት ሆኗል።

ሰቨን ኮርነርስ
ስማቸውን ንገረን እንጂ።

ተቃጥዬ ነው
አልጠራም። ነገሩ ገና አላለቀም።

የሎርተን ልጅ
መግቢያው ላይ ትልቅ የዳክዬ ሐውልት አለ?

ተቃጥዬ ነው
የለም።

የሎርተን ልጅ
በቃ አወቅኳቸው።

ላውደን ካውንቲ
ኧረ ሁሉንም አሠልጣኝ በአንድ ዓይን አትዩ። የኔው የመጀመሪያ ቀን «ቅያሪ ሱሪ ይዘህ ና» ነው ያለኝ። እኔ ነኝ የረጠብኩት፣ ውሻው አይደለም። ዓመት ሳይሞላው ጁኒየር ሃንተር የሚባለው የጀማሪ አዳኝ ውሾች ፈተና ላይ ቀረበ። ሁለት ወፍ ከየብስ፣ ሁለት ከውሃ አመጣ፣ አለፈ። ማንም ምንም ቢል ከሱ ሌላ ሰው ጋ አልሄድም።

ተቃጥዬ ነው
የኔዎቹም ግድግዳ በሪባንና በሰርተፊኬት የተሞላ ነበር።

ላውደን ካውንቲ
ሳትጠይቅ ከሰጠህ ጥፋቱ ያንተም ነው። ሥልጠናው ሲሰጥ ቆሜ ልይ ማለት ነበረብህ። እምቢ ካሉ ውሻህን ይዘህ ትሄዳለህ።

ተቃጥዬ ነው
አመሰግናለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ብትነግረኝ ኖሮ።

ጣና ዳር
ልጆች፣ አትጣሉ። እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት፤ አሁን 70 አልፌያለሁ። ጎረቤታችን ታንኳ ነበረው። ውሻው ጌታው ታንኳ ላይ ሲወጣ ዳር ቆሞ ያለቅሳል። ትንሽ ይገባል፣ ይመለሳል። አንድ ቀን እስከ አንገቱ ገባ፣ ከዚያ ዋኘ። ማንም አልገፋውም። ሰውዬው ሲርቅበት ነው የተከተለው። የኑግ አባት፣ አንተ ውሃው ውስጥ ገብተህ ነበር ልጄ?

የኑግ አባት
አይ ጋሼ። ዳር ቆሜ ነው «ግባ ግባ» ያልኩት። ይበርድ ነበር።

ጣና ዳር
እሱንም በርዶት ነው እንግዲህ።

ፍሬድሪክ ነኝ
ጋሼ ዋናውን ነገር ነግረውሃል። ሁለት ላብራዶር ለዳክዬ ስላሳደግኩ ትንሽ ልጨምርበት።

አሁን መጋቢት ነው፣ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነው። እኔ 60 ፋራናይት፣ ማለትም 15 ሴልሺየስ ገደማ፣ ሳይደርስ ቡችላ አላስገባም። የመጀመሪያው ቀን ከበረደው ያን ቀን አይረሳውም። ግንቦት አጋማሽ ድረስ ታገስ። እስከዚያ የሕፃናት ፕላስቲክ ገንዳ ጓሮ ውስጥ አስቀምጥ። ሁለት ጣት ውሃ ይበቃል። ራቱን እዚያ ውስጥ ቆሞ ይብላ።

ቦታው ቀስ እያለ የሚጠልቅ፣ ታቹ ጠጠር ወይም አሸዋ ይሁን። ጭቃ እግሩን ሲይዘው ይደነግጣል። ገደላማ ዳርቻ ደግሞ አንድ ርምጃ ሲሄድ መሬቱ ከእግሩ ስር ይጠፋበታል። ረጅም ቦቲህን አድርግና አንተ ቅደም። አትጥራው፣ አትጎትተው። ጀርባህን ሰጥተኸው ብቻ ሂድ። ዋና የሚወድ ረጋ ያለ ትልቅ ውሻ ያለው ሰው ካወቅክ ለምነው፤ ቡችላ ከሰው ይልቅ ከውሻ ነው የሚማረው። የምትወረውረውን ባምፐር፣ ማለትም በዳክዬ ምትክ የሚወረወረውን ተንሳፋፊ ማሠልጠኛ፣ መጀመሪያ ደረቅ መሬት ላይ ጣል። ቀጥሎ ውሃው ጫፍ ላይ፣ ከዚያ ጉልበቱ በሚደርስበት። የሚዋኝበት ርቀት መጀመሪያ ላይ ከአንድ ሜትር አይበልጥም። ሦስት አራቴ አምጥቶ «ድገምልኝ» እያለህ አቁም። ይህ ነው ለሰው የሚከብደው። እኔ የመጀመሪያዬን ውሻ አንድ ቀን አሥራ ምናምን ጊዜ ወርውሬለት ለሁለት ሳምንት አኮረፈኝ።

የጠመንጃ ድምፅ በሌላ ቀን፣ በየብስ ላይ ይማር። ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ቀን አይሆንም።

ጃኬት ያስፈልጋል? ጀማሪ ውሻ ፊቱን ወደ ላይ አንጋጦ በፊት እግሩ ውሃውን ይደበድባል፣ ኋላው ይሰምጣል። ጃኬት ኋላውን ያነሳለታል። ሩፍዌር ፍሎት ኮት መቶ ዶላር ገደማ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው እጀታ ጠንካራ ነው። አውትዋርድ ሃውንድ በጣም ይረክሳል። ቡችላ ቶሎ ስለሚያድግበት እኔ ርካሹን ገዛሁ። መዋኘት ሲችል አውልቅለት።

የሎርተን ልጅ
ለአደን ከሆነ ኒዮፕሪን፣ ያንን የወፍራም ጎማ ጨርቅ ጃኬት፣ ግዛ። የሣር ቀለም ያለው።

ፍሬድሪክ ነኝ
እሱ ሌላ ዕቃ ነው። ኒዮፕሪን ኅዳር ላይ ብርድ ለመከላከልና ከዳክዬ ዓይን ለመደበቅ ነው። ትንሽ ያንሳፍፋል እንጂ ላይፍ ጃኬት አይደለም። የ5 ወር ቡችላም ኅዳር ሲደርስ አይሆነውም።

የቤቲ እናት
አናንዴል ብትጠይቁት ያመጣላችኋል።

ሰቨን ኮርነርስ
ሰውዬው ዘመድሽ ነው? ከሱ የገዛሁት ማሰሪያ በሁለት ሳምንት ተበጠሰ።

የቤቲ እናት
ውሻህ ነዋ የበጠሰው። ጤነኛ ውሻ ነው ማለት ነው፣ አመስግን።

የሎርተን ልጅ
ለነገሩ ስህተቱ ዘሩ ላይ ነው። ቼሳፒክ ቤይ ሪትሪቨር መግዛት ነበረብህ። የዚህ ውሃ ተወላጅ ነው። ከ1964 ጀምሮ የሜሪላንድ ግዛት ውሻ ነው።

የኑግ አባት
እና ልቀይረው?

የሎርተን ልጅ
አይ፣ ለሚቀጥለው ነው።

ከአዲስ
ርዕስ ላበላሽባችሁ ነው፣ ይቅርታ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ጀርመን ሼፐርድ አለኝ። ዋና ላስተምረው ቢሾፍቱ ሆራ ብወስደው ምን ይመስላችኋል?

ጣና ዳር
የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው የተኙት። ዳሩ ቶሎ ይጠልቃል። ለጀማሪ ላንጋኖ ይሻላል፣ አሸዋ አለው። ውሃው ቡናማ ስለሆነ አትፍራ፣ ተፈጥሮው ነው። ሀዋሳ እንዳትወስደው፣ ጉማሬ አለ።

ሰቨን ኮርነርስ
ላንጋኖ ስትል ዝዋይ ላይ ወርደን የምንበላው ዓሣ ጥብስ ትዝ አለኝ። ኧረ አታስለቅሱኝ።

ላውደን ካውንቲ
ጥብሱ ሳይሆን ሾርባው ነው።

ከአዲስ
ሎጆቹ ውሻ ያስገባሉ?

ሰቨን ኮርነርስ
ሾርባ? ዝዋይ ድረስ ሄደህ ሾርባ?

የኑግ አባት
ወገኖች፣ ኑግ ተረሳ እኮ። በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙ የማይርቅ ጥሩ ዳርቻ የምታውቁ?

ክሊኒክ ነው የምሠራው
አናፖሊስ ኳይት ዋተርስ ፓርክ የውሻ ዳርቻ አለው፣ እዚያ ጀምር። ማታፒክም አለ፤ ግን ቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ማዶ ነው፣ ሲሄዱ ይከፈልበታል። ሸርሊንግተን የውሻ ፓርክ ቅርብህ ነው፣ ፎር ማይል ረን የሚባለው ጅረት አጠገቡ ያልፋል። ዝናብ ከዘነበ ግን ለሁለት ሦስት ቀን አታስገባው። የከተማው እጥበት ሁሉ ነው የሚወርድበት። ሐምሌና ነሐሴ ቤዩ ላይ ጄሊፊሽ ይበዛል፣ ቡችላ አፍንጫው ላይ ከተነደፈ የፍሬድሪክ ወንድማችን ትምህርት ሁሉ ገደል ገባ።

የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ስለምሠራ ሰመር በመጣ ቁጥር የማየውን ልንገርህ። የሌፕቶስፓይሮሲስ (በእንስሳት ሽንት ከተበከለ ውሃ የሚይዝ በሽታ) ክትባቱን አሁኑኑ ጀምር፤ ሁለት ዙር ነው፣ በመካከሉ ከ2 እስከ 4 ሳምንት አለ። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋ የመሰለ ነገር ካየህ ወደ ቤት ተመለስ። ያ አልጌ በሰዓታት ውስጥ ውሻ ሊገድል ይችላል። ከዋና በኋላ ጆሮውን አድርቅ፤ ላብራዶር ጆሮው ስለሚንጠለጠል ቶሎ ይቆስላል።

ሰው የማያውቀው ደግሞ ይሄ ነው። አፉን ከፍቶ ደጋግሞ ሲያመጣ ብዙ ውሃ ይውጣል። ከውሃ ወጥቶ ከተንገዳገደ፣ ካስመለሰው፣ ሆዱ ከተነፋ ድንገተኛ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን አምጣው። በየመሃሉ አሳርፈው። በማግስቱ ጅራቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ቢንጠለጠል ግን ብዙ አትደንግጥ። ቀዝቃዛ ውሃና ድካም የሚያመጣው ነው፣ በጥቂት ቀን ይለቀዋል። ካመመው አሳየን፤ የሰው መድኃኒት እንዳትሰጠው።

ተቃጥዬ ነው
እህቴ፣ የኔዋን ምን ላድርግ? ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ይሻላታል?

ክሊኒክ ነው የምሠራው
ይሻላታል፣ ግን ከቡችላ በላይ ጊዜ ይወስዳል። የሞቀው ገንዳ ለእንደሷ ዓይነት ነው የሚጠቅመው፤ መግቢያው ዳገት የሆነውን ምረጥ፣ ደረጃ ያለውን ሳይሆን። የመጀመሪያ ቀን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣችሁ ሥጋ ብሉና ውጡ። ውሃ አትንኩ። አሠልጣኙ ከቸኮለ ሌላ ፈልግ።

ተቃጥዬ ነው
እሺ። አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው።

ሰቨን ኮርነርስ
ያ 45 ዶላሩ ገንዳ ለሷ ይሁን። እኔ ተራዬን ለቀቅኩላት።

የኑግ አባት
ወገኖች፣ ሰኔ ላይ ነው የተመለስኩት፣ ይቅርታ። ትናንት ኑግ ዋኘ! እንደ ጋሼ ምክር ቀድሜ ገባሁ። ድንጋይ አንሸራተተኝና ወደቅኩ። ኮፍያዬ ሄደ። ኑግ መጀመሪያ ጮኸብኝ፣ ከዚያ ኮፍያዬን ተከትሎ ገባ። ይዞት መጣ፤ ለእኔ ሳይሰጠኝ መኪናው ስር አስቀመጠው።

ጣና ዳር
እግርህ ደህና ነው ልጄ?

ፍሬድሪክ ነኝ
እሰይ! የት ነው የወሰድከው? ጃኬት አድርጎ ነበር?

ላውደን ካውንቲ
አሠልጣኝ ወሰድክ ወይስ ብቻህን ነው?

የኑግ አባት
እግሬ ደህና ነው ጋሼ። ይልቅ ሌላ ጥያቄ አለኝ። የእርጥብ ውሻ ሽታ ከመኪና ወንበር በምን ይለቃል?

የቤቲ እናት
አናንዴል የሚረጭ አላቸው።