ሥዕል ወይስ አካውንቲንግ?

ጥያቄ፦ ሒሳብ ይሆንልኛል፤ ልቤ ግን ሥዕል ላይ ነው። ቤተሰቦቼ «አካውንቲንግ ግቢ» ይላሉ። በምን ልለይ?

መልስ፦ ለአራት ሳምንት የአካውንታንትና የግራፊክ ዲዛይነር (ለሥዕል የሚቀርበው ሙያ) የሥራ ማስታወቂያ ለየብቻ ቁጠሪ፤ «0 ዓመት ልምድ» የሚለውን ብቻ። ጠቅላላ ቁጥሩ ያታልላል። ፒችትሪ (የሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌር) እና ኤክሴል ስንቴ እንደተጠየቁም መዝግቢ። ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለዲግሪ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው።

መልስ፦ ፍላጎትሽን በሥራ ፈትኚው። ለማታውቂው ሰው በ10 ቀን አንድ ሎጎና አንድ ፖስተር ሥሪ። ሦስቴ «ቀይሪው» ሲልሽ ካንገፈገፈሽ፣ የምትወጂው ሥዕልን እንጂ ዲዛይንን አይደለም። (ሁለቱ ይለያያሉ!)

መልስ፦ እስማማለሁ። ግን ፎቶሾፕ ብቻ አይበቃም፤ ሎጎ ኢሉስትሬተር በሚባለው የመሣያ ፕሮግራም ይሠራል፣ አለዚያ ሲተልቅ ይፈርሳል። ለማተሚያ ቤት በሲኤምዋይኬ (የኅትመት ቀለም ዓይነት) ላኪ፤ በአርጂቢ (የስክሪን ቀለም ዓይነት) ከሆነ ደማቁ ቀለም ደብዝዞ ይወጣል።