ጥቆማ፦ የ12 ኢንች ሳብዉፈር ሳጥን ደሴ ላሠራ ወይስ ኮምቦልቻ?

ባለ ቪትዙ፦
ሰላም የአገሬ ልጆች። ቤቴ ደሴ ሆጤ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ በየቀኑ ሐረጎን እመላለሳለሁ። ባለፈው ወር ቪትዜ ላይ 12 ኢንች ፓዮኒየር ሳብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) አስገባሁ። ሳጥኑ ግን ከድሮው 10 ኢንች የተረፈ ነው፣ አፉን አስፍተው ከተቱልኝ። ድምፁ አለ፣ ምቱ የለም። በልኩ ሳጥን የሚሠራ ሰው ጠቁሙኝ። ዝግ ይሁን ወይስ ባለ ፖርት (የአየር ቀዳዳ ያለው)? የምፈልገው ጩኸት ነው።

የሸዋ በር ልጅ፦
እኛ ሰፈር ያለው ልጅ ጋ ሂድ፣ አለቀ። የኔንም የወንድሜንም የሠራው እሱ ነው። ሌላ ቦታ ብርህን አትበትን።

ሃይሩፍ ሹፌር፦
ወንድሜ ተጠንቀቅ። ስሙን አልጠራም፣ አንድ ቤት ጉድ ሠርቶኛል። በስስ ችፑድ ገጥሞ ሞኬት አለበሰው፤ ከላይ ሲያዩት ሸጋ ነው። ሐምሌ ላይ የደሴን እርጥበት ጠጣና ጠርዙ አብጦ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ሞኬቱን ስገልጠው ኮላ የሚባል ነገር ጠብ አላለበትም፣ ሚስማር ብቻ! «ጌኑን (የአምፑን ማስተካከያ) እስከ ጥጉ ክፈተው» ያለኝም እሱ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጢጣ ስደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ኮይሉ (የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ) ነው። ብመለስለት «ያንተ አያያዝ ነው» አለኝ።

ሰኞ ገበያ፦
ወይ ጉድ! ብርህንስ መለሰልህ?

ሃይሩፍ ሹፌር፦
አምስት ሳንቲም አልመለሰም። ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ሱቁን ዘግቶ ጠበቀኝ።

ሰኞ ገበያ፦
እኔንም በበር ስፒከር እንዲሁ አርገውኛል። ደረሰኝ ሳትቀበል አትውጣ።

ኑርዬ፦
ኮምቦልቻ መናኸሪያው አካባቢ ስክሪን ያስገባሁበት ቤት በጣም ጎበዝ ነው። የኋላ ካሜራም ገጠመልኝ።

አዝዋ ገደል፦
ልጁ ሳጥን ጠየቀ፣ አንተ ካሜራ ትገጥምለታለህ። ወደ ኋላ እየነዳ ቤዝ ይስማ?

የሸዋ በር ልጅ፦
ምን ያጨቃጭቃል? የኛ ሰፈሩ ልጅ በጆሮው ነው የሚሠራው፤ ሜትር እንኳን አይዝም።

አዝዋ ገደል፦
ሜትር ካልያዘማ እሱ ሳይሆን አይቀርም የቪትዙን ሳጥን ያጠበበው።

የዲናሞ ባለሙያ፦
ባለ ቪትዙ፣ አብሽር፤ ሳጥኑ ስለጠበበው ነው። ብዙዎቹ 12 ኢንች በዝግ ሳጥን 30 ሊትር አካባቢ፣ በባለ ፖርት 50 አካባቢ ይፈልጋሉ። ትክክለኛው ልክ ከስፒከሩ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ስላለ እሱን ይዘህ ሂድ። ሊትሩ ሲሰላ ስፒከሩና ፖርቱ ራሳቸው የሚይዙት ቦታ ይቀነሳል፤ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነው።

ጩኸት ካልክ ባለ ፖርት ነው። ፖርት እንደ ዋሽንት ነው፣ በርዝመቱና በስፋቱ ይቃኛል። 35 ኸርዝ አካባቢ አስቃኘው። ከዚያ በታች ያለውን በአምፑ ሳብሶኒክ (በጣም የወረደውን ድምፅ በሚያስቀረው ማጣሪያ) ቁረጠው፣ አለበለዚያ ኮኑ (የስፒከሩ የሚርገበገበው ክፍል) ያለ ልጓም ይዘላል።

እንጨቱ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ ይሁን፤ ኮላ በየመጋጠሚያው፣ ከውስጥ ሲሊኮን። ሲያስረክቡህ ቤዙን ከፍተህ እጅህን በውሃ አርጥብና በየጠርዙ አስጠጋ። ከፖርቱ ሌላ ንፋስ ከነካህ አትቀበል።

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት አያታልህ፤ ማየት ያለብህ ኖሚናሉን (ስፒከሩ ያለማቋረጥ የሚችለውን) ነው። ዋት እጥፍ ብታደርግ የምታገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ወደ 10 ሲጨምር ስለሆነ ብርህን ሳጥኑ ላይ አፍስስ። ወፍራም የመዳብ ሽቦ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ፤ ማሳውንም (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውን ሽቦ) ቀለሙን ፍቀህ ባዶ ብረት ላይ እሰረው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ሁለት ነገር ሞክር፤ በነፃ ነው። ሳጥኑን ወደ ኋላ በር አዙረው። ከዚያ የሳብዉፈሩን ሁለት ሽቦዎች አገላብጠህ ሹፌር ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ስማ፤ ቤዙ የበዛበትን ያዝ። ከበር ስፒከሮቹ ጋር ከተቃረነ ይጣፋሉ።

ሃይሩፍ ሹፌር፦
ይሄን ያኔ የነገረኝ ቢኖር ኮይሌ አይቃጠልም ነበር።

የሸዋ በር ልጅ፦
ልጁ ይሄን ሁሉ ያውቃል፣ ሂድና ጠይቀው።

ባለ ቪትዙ፦
ባለሙያው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱንም አሁን ሞከርኩ። ሽቦውን ሳገላብጥ ጀርባዬን መታኝ! የኋላው ታርጋ ግን ይንቀጫቀጭ ጀመር። ምን ላድርግለት?

ኑርዬ፦
ከጀርባው ጎማ ለጥፍበት። ቤቱንስ የቱን መረጥክ?

የዲናሞ ባለሙያ፦
ስስ ጎማ ይበቃዋል፣ ብሎኑንም አጥብቀው።