የዕቃ ማስቀመጫው በር ጣቴን ቀጠቀጠኝ፤ የባሰ ሳይመጣ ምን ላድርግ?

ዕቃ የበዛባት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ስንቀይር የተረፈንን ዕቃ የምናስቀምጥበት ክፍል ተከራይተናል። የምታውቁት ዓይነት ነው፤ ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የቆርቆሮ ክፍሎች፣ ወደ ላይ የሚጠቀለል በር፣ ቁልፉ በራስ እጅ። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ያኔ ተቻኩለን ስለነበር ያገኘነውን ሁሉ እየከመርን ከወለል እስከ ጣራ ሞላነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወረቀት ፍለጋ ብቻዬን ሄድኩ። በሩን ሽቅብ ስገፋው አንድ ካርቶን ትከሻዬ ላይ ወረደ። ደግነቱ ልብስ ነበር። ስወጣ ደግሞ የበሩን ቆርቆሮ እጥፋት ይዤ ቁልቁል ስስበው ጣቴ መሃል ገባ። ጥፍሬ ጠቁሯል። ወረቀቱንም አላገኘሁትም።

ቅዳሜ ከባለቤቴ ወንድም ጋር ሄደን ሁሉንም አውጥተን እንደገና ልንደረድር ነው። ከባዶቹ ፍሪጅ፣ ባለ አራት መሳቢያ ኮመዲኖ፣ ትልቅ መስታወትና አሥር ያህል የመጽሐፍ ካርቶን ናቸው። ከኋላ የአይጥ ኩስም አይቻለሁ። ዘዴ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። «ሠራተኛ ቅጠሪ» ብቻ አትበሉኝ።

ጫኝና አውራጅ ነኝ

አይዞሽ እህቴ። ሰው ስለ ዕቃ ማስቀመጫ ሲያስብ ሌባ ነው የሚፈራው። እኔ ግን በዚህ ሥራ ስኖር ብዙ ጉዳት ያየሁት በራሱ ባለዕቃው አደራደር ነው።

ከበሩ ልጀምር። በሩ ፊት ለፊት አትቁሚ፣ ጎን ቁሚ። እጀታውን ይዘሽ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ከፍ አድርጊና አቁሚው። ጎንበስ ብለሽ በባትሪ እዪ። በሩን የተደገፈ ነገር ካለ እግሩ ይታይሻል። ከዚያ ቀስ እያልሽ እስከ ጫፍ ውሰጂው። ስትዘጊ በገመዱ ወይም በእጀታው ብቻ ሳቢ። እነዚያ እጥፋቶች በሩ ሲንቀሳቀስ ይከፈታሉ፣ ይገጥማሉ፤ ጣት የሚበሉት እነሱ ናቸው።

በሩ ከፍ ካለ በኋላ ራሱን ችሎ ካልቆመና ከተንሸራተተ ስፕሪንጉ ደክሟል ማለት ነው። በእንጨት ደግፌ ልሥራ እንዳትይ። ስፕሪንጉንም ራሳችሁ እንዳትነኩት፤ ተወጥሮ የታመቀ ጉልበት ነው፣ ሲለቅ ክንድ ይሰብራል። ለቦታው ኃላፊዎች ንገሩ።

አደራደሩ ላይ፦ ከባድ ከታች፣ ቀላል ከላይ። ይሄን ሁሉም ያውቃል፤ የሚረሳው ግማሹ ባዶ የሆነ ካርቶን ነው። ከላይ ሲጫንበት ይጨፈለቅና ቁልሉ በሙሉ ያዘማል። ክፍተቱን በልብስ ሙሉት። ቁልሉ ከደረታችሁ አይለፍ። ከበሩ እስከ ኋላ ግድግዳ ደግሞ ሰው በፊት ለፊቱ የሚያልፍበት መንገድ ተዉ። ቦታ ባከነ ትሉ ይሆናል። ግን ከኋላ ያለውን ለማውጣት ዕቃ ላይ ከመንጠላጠል ይሻላል። መሰላል ከሌላችሁ ወንበር ላይ ወጥታችሁ ከላይ አታውርዱ።

ወገቤን

እኔ ልምከርሽ፤ ስሜ ይነግርሻል። አሥር ካርቶን መጽሐፍ ያልሽው ነው ያስደነገጠኝ። እኔን የጣለኝ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ነው። መሬት ላይ ነበር። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት፣ ምንም አልሆንኩም። ጋሪው በስተግራዬ ስለነበር እግሬን ሳላንቀሳቅስ ከወገቤ ዞርኩ። ቋ አለ። ካርቶኑን ሳልለቅ እዚያው ተንበረከክሁ፤ ለሦስት ሳምንት ካልሲዬን የምታለብሰኝ ባለቤቴ ነበረች።

ስለዚህ ከክብደቱ በላይ መጠማዘዙን ፍሪ። አፍንጫሽና የእግርሽ ጣቶች ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይዩ። መዞር ካለብሽ በእግርሽ ተራምደሽ ዙሪ። ዕቃውን ከሆድሽ ጋር አጣብቂው፤ ክንድሽን ዘርግተሽ የያዝሽው 10 ኪሎ ወገብሽ ላይ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይከብዳል።

የመጽሐፍ ካርቶኖቹን ክፈቺና በትንንሽ ካርቶን አከፋፍያቸው። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ለማንሳት ያወጣው ቀመር ሁሉም ነገር ሲመቻች እንኳ 23 ኪሎ ላይ ነው የሚጀምረው። ዕቃው ከሰውነት ሲርቅ፣ ከመሬት ሲነሳ፣ ሰውየው ሲጠማዘዝ ቁጥሩ ይወርዳል። ለኔ ቢጤ 15 ኪሎ በቂ ነው። የወገብ ቀበቶ ግዙ የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ጤነኛ ሰውን ከጉዳት እንደሚጠብቅ በደንብ አልተረጋገጠም። ይልቅ ሰውን ደፋር ያደርገዋል።

ጫኝና አውራጅ ነኝ

ቀበቶው ላይ አልስማማም፤ እኔ ሳላደርግ አልሠራም። ግን ልክ ነህ ወንድሜ፣ አድርጌውም 40 ኪሎ ብቻዬን አላነሳም። ሌላው፦ ጋሪ ካገኛችሁ ግፉት እንጂ አትጎትቱት። ሲጎተት ተረከዝ ላይ ይወጣል።

ነርሷ

መጀመሪያ ጣትሽን። ጥፍሩ ሥር ደም ቋጥሮ በጣም የሚነዝር ከሆነ፣ ጣቱ ካልታጠፈልሽ ወይም ከደነዘዘ ቅዳሜን አትጠብቂ፣ ታዪው። ስብራት ሊኖረው ይችላል። ጥፍሩን ቤት ውስጥ በመርፌ መብሳት የሚባለውን ተዪ።

ወገቡን ያመመው ሰው ብዙ ጊዜ በእረፍትና ቀስ ብሎ በመንቀሳቀስ ይድናል። ግን ሽንት መቆጣጠር ካቃተው ወይም እንቢ ካለው፣ መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግሩ ከሰነፈ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። እሱ የሚታደር ነገር አይደለም።

ሙቀቱንም አትናቁ። የቆርቆሮ ክፍል ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ከውጭው ይብሳል። በጠዋት ጀምሩ፣ ውሃ ያዙ። ራስ ካዞረ ወይም ካቅለሸለሸ ሥራው ይቁም፣ ውጡ። ክፍት ጫማና ሸበጥ ክልክል ነው!

አይጥ ጠል

የአይጥ ኩሱን በመጥረጊያ እንዳትነኪው። ደርቆ ሲጠረግ አቧራው ይነሳል፣ በአቧራው ውስጥ ሃንታ ቫይረስ ሊኖር ይችላል፤ እንደ ዓይነቱ ሳንባን ወይም ኩላሊትን ያጠቃል። በሩን ከፍታችሁ ለ30 ደቂቃ ራቅ በሉ። የጎማ ጓንት አድርጉ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ኩሱን በደንብ አርሱት፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በወረቀት ዝቃችሁ በፌስታል ቋጥሩት። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ከአሞኒያ ወይም ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መርዝ ነው።

ካርቶን ሥር እጃችሁን በጭፍን አትስደዱ። ሸረሪትም፣ ተርብም፣ እባብም እንዲህ ያለ ጨለማ ይወዳሉ።

ጥበቃ ነበርኩ

እንዲህ ያለ ቦታ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝና ሌሎች ያላነሱትን ልጨምር። ክፍሉን ስትከፍቱ ጓጉንቸሩን በሩ ላይ አንጠልጥላችሁ አትግቡ። ኪሳችሁ ይግባ። ሰው ውስጥ መኖሩን ያላየ፣ ረስተውት ሄደዋል ብሎ የሚቆልፍ ደግ ሰው አይጠፋም። አንድ ጊዜ ያ ደግ ሰው እኔ ነበርኩ። ሰውዬው ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው የሰማሁት።

የኮሪደሩ መብራት ብዙ ቦታ እንቅስቃሴ ካላየ ራሱ ይጠፋል። ከባድ ዕቃ ይዛችሁ መሃል ላይ ድርግም ሲል አስቡት። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ያዙ። የት እንደሆናችሁና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ በቆርቆሮ ውስጥ ስልክ ኔትወርክ ላይኖረው ይችላል።

ቤንዚን፣ ቲነር፣ የጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ካለ ዛሬውኑ ይውጣ፤ ውሉም መከልከሉ አይቀርም። ያበጠ ወይም የተመታ ሊቲየም ባትሪም እንደዚያው። ጄነሬተር ወይም የመኪና ሞተር ውስጥ አይነሳ፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ስታወጡም ኮሪደሩን ዘግታችሁ አትደርድሩበት፣ እሳት ቢነሳ የሁሉም መውጫ እሱ ነው።

ዕቃ የበዛባት (ጠያቂ)

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ጓጉንቸሩን በሩ ላይ ነበር ትቼ የምገባው። ጣቴን ዛሬ ታየሁ፣ አልተሰበረም። ፍሪጁን፣ ኮመዲኖውንና መስታወቱን ግን ማንም አልነካልኝም።

ጫኝና አውራጅ ነኝ

ረስቼው ነው እህቴ። ኮመዲኖውን መሳቢያዎቹን በሙሉ አውጥታችሁ ለብቻ ለብቻ ተሸከሟቸው። በቴፕ አሽገን እንውሰደው አትበሉ፣ ደረጃ ላይ ይከዳል። ሲቀመጥ ፊቱ ወደ ግድግዳ ይዙር፤ ሁለት ሦስት መሳቢያ አንድ ላይ ከተሳበ ወደ ሰው ይወድቃል።

መስታወት አይተኛም፣ በጎኑ ይቆማል። በካርቶን ጠቅልላችሁ በፍራሽና በግድግዳ መሃል ሸጉጡት። ቴፕ በመስቀል መለጠፉ አያጠነክረውም፣ ግን ቢሰበር ስብርባሪው አይበተንም።

ፍሪጁ ቆሞ ይሂድ፣ በጋሪው ላይ በቀበቶ ይታሰር። ከጋሪው የበታች በኩል ማንም አይቁም። ካጋደላችሁት ደግሞ ካቆማችሁት በኋላ ለሰዓታት ሳይነካ ይቆይ፣ ከዚያ ነው የሚሰካው።

ነርሷ

ፍሪጁ ላይ አንድ ነገር። እንዳይሻግት በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ትታችሁት ይሆናል። ልጅ ገብቶ ቢዘጋበት አየር አያገኝም። ጨርቅ አጥፋችሁ በሩ መሃል አድርጉ፣ ከዚያ ዙሪያውን በገመድ እሰሩት። አየር ይገባዋል፣ ልጅ ግን አይከፍተውም። በሩ ወደ ግድግዳ ቢዞር ይበልጥ ጥሩ። ከሁሉ በላይ ግን ቅዳሜ ልጆቹን ቤት ተዉአቸው።

ዕቃ የበዛባት (ጠያቂ)

ቅዳሜ አለፈ። አራት ሰዓት ፈጀብን። የባለቤቴ ወንድም ፍሪጁን «ብቻዬን እችለዋለሁ» ብሎ ሲታቀፈው የ«ወገቤን»ን ታሪክ አነበብኩለት፤ ጋሪ ፍለጋ ሄደ። አሥሩ የመጽሐፍ ካርቶን አሥራ ዘጠኝ ሆኗል። በሩን አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ ሳይ የሶፋው ትራስ በሩ ላይ ተደግፎ ነበር፤ ጎን ስለቆምኩ መሬት ወረደ።

ወረቀቱ አሁንም አልተገኘም። በሩም እላይ አልቆም ብሎ ይንሸራተታል፤ ለኃላፊው ነግረነዋል፣ እስኪሠራ አንገባም።