በፈረቃ ርክክብ ላይ መልእክት እንዳይጠፋ ምን እናድርግ?

ጥያቄ (የማታ ፈረቃ ኃላፊ፣ ሐዋሳ)
በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የማታ ፈረቃ እመራለሁ። ለቀኑ ፈረቃ የተሰጠ ትእዛዝ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ተሸራርፎ ነው። በቅርቡ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያርፈው የአንገትጌ ስፌት ብዛት ከ10 ወደ 12 ከፍ እንዲል መታዘዙን ያወቅነው ብዙ ሸሚዝ ከሰፋን በኋላ ነው። መልእክቱ በቴሌግራም ግሩፓችን ተለቅቆ የነበረ ቢሆንም፣ በእንኳን አደረሳችሁ መልእክቶች ተውጦ ማንም ሳያየው ቀርቷል። ሠራተኞቹን ሰብስቤ «ግልጽ ነው?» ስል ሁሉም «አዎ» ይላሉ፤ ሥራው ላይ ግን ሌላ ሆኖ ይገኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (የጥራት ተቆጣጣሪ፣ ሐዋሳ)
«ግልጽ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ቢተዉት ይሻላል፤ በአለቃና በባልደረባ ፊት «አልገባኝም» ማለት ለማንም ይከብዳልና። በዚያ ፈንታ አንዷን ሠራተኛ «እስቲ የመጀመሪያውን አንገትጌ ሰፍተሽ አሳዪኝ» ይበሏትና ስፌቱን አብራችሁ ቁጠሩ። በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ አፋቸውን ለፈቱ ልጆች ደግሞ፣ ከረጅም የአማርኛ ማብራሪያ ይልቅ ትክክለኛውና የተበላሸው ናሙና ጎን ለጎን ተሰቅሎ ቢያዩት በእጅጉ ይጠቅማቸዋል። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ስህተቱን ቀድማ የተናገረችውን ሠራተኛ በሰው ፊት አይቆጧት፤ ከተቆጧት ሁለተኛ ማንም አይነግርዎትም።

መልስ (የመጋዘን ኃላፊ፣ አዳማ)
የውጭ ሀገር ኃላፊዎች ካሏችሁ ሰዓትና ቀኑንም ተጠንቀቁ። «በ8 ሰዓት ይጫን» ሲባል እኛ ከቀትር በኋላ እንረዳለን፤ እነሱ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለታቸው ሊሆን ይችላል። 5/2/2018 ተብሎ የተጻፈውንም እኛ ጥቅምት 5 ብለን ስናነብ እነሱ ከፌብሩዋሪ ወይም ከሜይ ወር ጋር ያገናኙታል። ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፤ ጠዋት ወይም ከሰዓት መሆኑንም ጨምሩ።

መልስ (የሰው ኃይል ባለሙያ፣ ሐዋሳ)
ለትእዛዝ ብቻ የሚሆን፣ ኃላፊዎች ብቻ የሚጽፉበት ሌላ ግሩፕ ክፈቱ። ሆኖም ዋናው ነገር ፈረቃውን የሚያስረክበውና የሚረከበው ኃላፊ ማሽኑ አጠገብ ቆመው መነጋገራቸውና የርክክብ መዝገቡ ላይ መፈራረማቸው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት ስለማይበልጥ፣ የርክክቡ ደቂቃዎች በዚያው ውስጥ ይታቀዱ፤ ካለፉ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይታሰብላቸው።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መዝገቡ በፈረቃ ይያዝ ወይስ በስፌት መስመር?

የጥራት ተቆጣጣሪ
በመስመር ይሁን። ሰዎቹ ይቀያየራሉ፤ ትእዛዙ ግን የሚፈጸመው እዚያው መስመር ላይ ስለሆነ መዝገቡም ከዚያ አይነሣ።