«መከራ»፣ «አበሳ»፣ «ቅጣት»፦ በለቅሶ ቤት የምንላቸው ቃላት ምን ይላሉ?

ጠያቂው፦ ሰላም የቤቱ ሰዎች። ሰሞኑን ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ነበር፤ ልጃቸውን የቀበሩ እናት ናቸው። አንድ ሽማግሌ ሊያጽናኑ ብለው «እግዜር እኮ የሚወደውን ይቀጣል» ቢሏቸው፣ ሴትዮዋ ቀና ብለው «እንግዲያው ትንሽ ይጥላኝ» አሏቸው። ድንኳኑ ጭጭ አለ። የሃይማኖቱን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። እኔ የፈለግኩት ቃላቱን ነው። ቅጣት፣ ፈተና፣ መከራ፣ አበሳ፤ ልዩነታቸው ምንድነው?

የአብነት ልጅ፦ የሽማግሌው አባባል ከዕብራውያን 12፥6 ነው፤ «ጌታ የሚወደውን ይቀጣዋልና» ይላል። እዚያ ቦታ ግሪኩ የሚለው ልጅን ኮትኩቶ ማሳደግን ነው። የእኛ «መቅጣት» ግን ቁንጥጫንም እስር ቤትንም በአንድ ከረጢት ይይዛል። እናትየዋ የሰሙት ሁለተኛውን ነው፤ አልፈርድባቸውም።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ «አበሳ» ነው። በግእዝ በደል፣ ኃጢአት ማለት ነው፤ በአቡነ ዘበሰማያት «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ» እንላለን። በአማርኛ ግን «አበሳዬን አየሁ» ያለ ሰው ኃጢአቱን መናዘዙ አይደለም፣ ተንገላታሁ ማለቱ ነው። ቃሉ ከጥፋቱ ተነሥቶ ወደ ስቃዩ ተሻግሯል። የተሠቃየ ሁሉ አንድ ነገር ሳያጠፋ አልቀረም የሚለው የኢዮብ ሦስት ወዳጆች፣ የኤልፋዝ፣ የበልዳዶስና የሶፋር ስብከት በአንዲት ቃል ተጠቅልሎ አፋችን ውስጥ ተቀምጧል። በመጽሐፉ መጨረሻ (ኢዮብ 42፥7) እግዚአብሔር የተቆጣው ደግሞ በእነዚህ በጠበቆቹ እንጂ ሲሟገተው በከረመው በኢዮብ አይደለም! የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለገደላቸው 18 ሰዎችም ክርስቶስ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች አልነበሩም ብሏል (ሉቃስ 13)። ቋንቋችን ግን አሁንም ከሦስቱ ወዳጆች ጋር ነው።

«መከራ»ም የራሱ ጉድ አለው። በግእዝ አመከረ ማለት ፈተነ ነው፤ የአማርኛው ሞከረና ሙከራም ዘመዶቹ ናቸው። ስለዚህ «መከራ ደረሰብኝ» ስንል ሥሩ «ተፈተንኩ» ይላል። ፈታኝ አለ ማለት ነው፣ ብናስበውም ባናስበውም።

ተጠራጣሪ፦ እዚህ ላይ ነው የምይዝህ። ዘፍጥረት 22፥1 «እግዚአብሔር አብርሃምን ፈተነው» ይላል፤ ያዕቆብ 1፥13 ደግሞ «እርሱ ራሱስ ማንንም አይፈትንም»። ያው አንድ ግስ። ታዲያ ይፈትናል ወይስ አይፈትንም?

የአብነት ልጅ፦ ግሪኩም በሁለቱም ቦታ አንድ ግስ ነው የሚጠቀመው፤ የአማርኛ ጥፋት አይደለም። ወርቅ አንጥረኛም ይፈትናል፣ አሳሳችም ይፈትናል። አንዱ ወርቁ እንዲወጣ፣ ሌላው ሰውየው እንዲወድቅ። ግእዙ በአባታችን ሆይ ላይ «መንሱት» የሚል ሌላ ቃል ነበረው፤ አማርኛ ሁሉንም «ፈተና» ውስጥ ከተተው። ለሁለተኛው ጥያቄህ፣ የሁለት ዓመት ሕፃን ምን ወርቅ ሊወጣው ነው የሚነጠረው ለሚለው፣ መልስ የለኝም። ልትጠይቀኝ እንደነበር አውቃለሁ።

የደሴዋ፦ በአማርኛው ቁርኣንም 2፥155 ላይ «በእርግጥ እንሞክራችኋለን» ይላል፤ ያው ሞከረ። እኛ ጋ ግን ለቅሶ ቤት «ተሞክረሽ ነው» የሚላት የለም። «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ነው፤ ትዕግሥቱን ማለት ነው። ምክንያቱን መናገር የጎረቤት ሥራ አይደለም።

ተጠራጣሪ፦ «ለበጎ ነው»ስ? ባለቤቱ ራሱ ሲለው እምነት ነው፣ ሌላ ሰው ሲለው ጥፊ።

የአብነት ልጅ፦ ልክ ነህ። የደሴዋ ያለችውን በክርስቲያኑ በኩል «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይተካዋል። ጸና ማለት በረታ፣ ጠነከረ ነው። ግን «ሕመሙ ጸናበት» የምንለውም ከዚሁ ግስ ነው፤ «ጽኑ ሕሙማን ክፍል»ም። ሕመሙ ጸንቷል፣ አንቺም ጽኚ ነው ነገሩ። ለምን እንደመጣ አንድም ቃል አይልም። (አንዳንዶች «ያጥናሽ»ን ከ«ጤና» ጋር ያዛምዱታል፤ አይገናኙም። ጤና ከጥዒና ነው፤ ይሄኛው እንደ ጾምና ጦም ጸው ወደ ጠ ዞሮ ነው።)

ጠያቂው፦ አሁን ትዝ አለኝ። እኚያው ሽማግሌ ሊወጡ ሲሉ ጎንበስ ብለው የሴትዮዋን እጅ ያዙና «እግዜር ያጥናሽ» አሏቸው። «አሜን» አሉ። በጠ ነበር ያሉት።