ሰልችቷት ነው ወይስ እያሰበች?

መምህርት ከሐዋሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ በሳምንት ሁለት ቀን ኮምፒውተር ክፍል ገብተን መልመጃ እንሠራለን። ልጆቹ ሲሳሳቱ ፕሮግራሙ ፍንጭ ይሰጣቸዋል። ሰሌዳ ጋ ስቆም ፊታቸውን አያለሁ፣ ማን እንደገባው ማን እንዳልገባው ወዲያው ይታወቀኛል። እዚያ ግን የማየው ጀርባቸውን ነው።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ልጅ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቀረች። ማውሱን አትነካም። ሰልችቷት መሰለኝና «ሥሪ እንጂ!» አልኳት። ክው አለች። ጠጋ ብዬ ሳይ ደብተሯ ላይ ሙሉ ገጽ በእርሳስ ስትሞክር ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል። ፊት አይቶ ስሜት የሚለይ ካሜራ አስገቡ ያለን ሰው አለ። ያዋጣል?

ፕሮግራመር፣ አዳማ፦
መምህርት፣ ካሜራው ይቅርብዎት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊሳ ፌልድማን ባሬትና ባልደረቦቿ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ብዙ ጥናት መርምረው ከፊት ብቻ ስሜትን በእርግጠኝነት ማንበብ እንደማይቻል አሳይተዋል። ግንባሩን የቋጠረ ሁሉ አልተናደደም። የአውሮፓ ኅብረትም ከየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሕክምናና ከደኅንነት ጉዳይ በቀር እንዲህ ያለውን ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ውስጥ ከልክሏል።

ፕሮግራሙ መዝገብ ይይዝ እንደሆነ ይዩ። አንድ ጥያቄ ላይ ስንት ደቂቃ ቆየ? ፍንጩን ሳያነብ መልሱ እስኪመጣ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ነው? ራያን ቤከርን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ያለ ካሜራ ከዚህ መዝገብ ስለ ተማሪው ስሜት ብዙ ያነባሉ።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጄ፣ አንቺ ልበልሽ። ግራ መጋባትን አትፍሪው። ተመራማሪዎቹ ዲሜሎና ግሬሰር በ2012 (እ.ኤ.አ.) እንደጻፉት፣ ግራ የተጋባ ተማሪ መውጫ ካገኘ ወደ ሥራው ይመለሳል። ካጣ ይበሳጫል፤ ብስጭቱ ከቆየ ይሰለቻል። እኔን የሚያስፈራኝ መሰልቸቱ ነው፣ አንዴ ከገባ ቶሎ አይወጣም።

የእነ ቤከር ታዛቢዎች ክፍል ገብተው ስሜታቸውን ለመለየት ልጆቹን ተራ በተራ፣ እያንዳንዱን ቢበዛ 20 ሴኮንድ፣ እንደታዩ ሳይታወቃቸው በጎን ዐይን ያያሉ። እነሱ ሠልጥነው ነው፤ አንቺ ግን ልጆችሽን ታውቂያቸዋለሽ።

መምህርት ከሐዋሳ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሐሙስ ሞከርኩት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ሁለት ልጆች፣ ሁሌ ጎበዝ የምላቸው፣ ፍንጩን ጠቅ ጠቅ እያደረጉ መልሱን ብቻ ሲገለብጡ አየሁ። ያቺ ልጅ ጋ ስደርስ ዝቅ ብዬ «የቱ ጋ ነው የያዘሽ?» አልኳት። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ በእርሳሷ የመቀነስ ምልክቷን ነካች።