የሮክ መድረክ ስለ ፍትሕ ይናገር ወይስ ይጫወት ብቻ?

አወያይ፦ ለዛሬ ያስቀመጥነው ጥያቄ ይህ ነው። የሮክ ባንዶች ትኬት ቆርጦ ለመጣ ሕዝብ ከመድረክ ላይ ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ መናገር አለባቸው ወይስ ዘፈናቸውን ተጫውተው መውረድ? የምትጠቅሱት ዓመት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁን። ሐሳብን ተቹ እንጂ ሰውን አትንኩ።

የፊት ረድፍ፦ እኔ ልጀምር። ሮክን ከጉርምስናዬ ጀምሮ ስሰማ ነው የኖርኩት፤ በደንብ የገባኝ ግን ከመድረክ ሥር ስቆም ነው። የቤዙ ድምፅ ከጆሮ በፊት ደረት ላይ ይደርሳል። ሕዝቡ ሲገፋፋ አንድ ሰው ይወድቃል፤ ወዲያው በግራም በቀኝም ያሉት ክንዱን ይዘው ያቆሙታል። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ የሚለው የለም። ጫማ የወለቀበት ካለ፣ ያገኘው ሰው ጫማውን ከራስ በላይ ከፍ አድርጎ ባለቤቱ እስኪያየው ድረስ ይይዝለታል። ፍትሕ ሲባል መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ግፊያ ነው።

ስለዚህ ይናገሩ ባይ ነኝ፤ ግን ንግግሩ ከሁሉ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ያለው ውሉ ላይ ነው። በ1964 ቢትልስ ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ ሊጫወቱ ሲሉ፣ ጥቁርና ነጭ ተለይቶ የሚቀመጥ ከሆነ መድረክ አንወጣም አሉ። አዘጋጆቹ እሺ ብለው ሴፕቴምበር 11 ቀን በጌተር ቦውል ስታዲየም ሕዝቡ ተቀላቅሎ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለካሊፎርኒያው ካው ፓላስ ኮንሰርት በፈረሙት ውል ላይ፣ በዘር ተለይቶ ለተቀመጠ ተመልካች እንደማይጫወቱ በጽሑፍ አስገቡት። ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ የወሰነው ያ አንድ አንቀጽ ነው።

ሙዚቃ ብቻ፦ ውሉን እቀበላለሁ። እኔ የምቃወመው ማይኩን ነው። ለአንድ ምሽት ከሥራና ከዜና ልገላገል ብዬ ከፍዬ እገባለሁ፤ በሁለት ዘፈን መሀል ሰውዬው ሊያስተምረኝ ይጀምራል። እኔ የምመልስበት ማይክ የለኝም። ደግሞስ መድረክ ላይ የወጣ ሁሉ ስለ ፍትሕ ይናገራል ያለው ማን ነው? በኦገስት 1976 እንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች ኤሪክ ክላፕተን በርሚንግሃም ላይ በመሀል ኮንሰርት ስደተኞች ከእንግሊዝ ይውጡ የሚል ዘረኛ ንግግር አድርጓል። መድረኩ የሙዚቃ ብቻ ይሁን የሚለው ደንብ እሱንም ዝም ያሰኘው ነበር።

የፊት ረድፍ፦ ጠንካራ ነጥብ ነው እህቴ፤ ታሪኩን ግን መሀል ላይ አትተዪው። «ሮክ በዘረኝነት ላይ» የተባለውን እንቅስቃሴ የቀሰቀሰው ያ ንግግር ነው። ኤፕሪል 30 ቀን 1978 ለንደን ውስጥ ሕዝቡ ከትራፋልጋር አደባባይ ተነሥቶ በእግሩ እስከ ቪክቶሪያ ፓርክ ተጓዘ፤ እዚያም ክላሽ፣ ኤክስ ሬይ ስፔክስና ስቲል ፐልስ ተጫወቱ። ስቲል ፐልስ የሬጌ ባንድ ነው፤ ያውም ክላፕተን ከተናገረባት ከበርሚንግሃም። ፓንክ የሚባለውን የሮክ ዓይነትና ሬጌን በአንድ መድረክ ማሰለፍ የእንቅስቃሴው ዋና ሥራ ነበር፤ ፓንክ ሊሰማ የመጣው ወጣት የስደተኞቹን ልጆች ሙዚቃ ቆሞ ይሰማል። ሙዚቀኞቹ ያኔ ዝም ቢሉ ኖሮ የሚቀረው የክላፕተን ንግግር ብቻ ነበር።

ሸክላ ሰብሳቢ፦ ልጆች፣ የገንዘቡን ነገር ረሳችሁት። ኦገስት 1 ቀን 1971 የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰንና ሕንዳዊው ሙዚቀኛ ራቪ ሻንካር ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ለባንግላዴሽ ስደተኞች በአንድ ቀን ሁለት ኮንሰርት አደረጉ። የመግቢያው ገቢ ወደ 243,000 ዶላር ሆኖ ለዩኒሴፍ ተሰጠ። የአልበሙና የፊልሙ ገንዘብ ግን አስቀድሞ በበጎ አድራጎት መልክ ስላልተስተካከለ በግብር ጉዳይ ለዓመታት ታግዶ ቆየ። ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም፤ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ጁላይ 13 ቀን 1985 በዌምብሌይና በፊላደልፊያ የተደረገውን ላይቭ ኤይድ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ለኢትዮጵያ ረሀብተኞች ነው የተጫወቱት። የተራበ ሰው መድረክ ላይ ማን ወጣ ብሎ አይጠይቅም፤ እህሉ ደረሰ ወይ ነው የሚለው። እኔ የምመዝነው በዚህ ነው።

የፊት ረድፍ፦ ጋሼ፣ እህሉን አላቃልልም። ነገር ግን ያው ሰው በሕይወት ተርፎ ስለ እሱ ምን እንደተዘፈነ አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም። በ1984 መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ለእርዳታው የወጣው ዘፈን፣ እነዚያ ሰዎች የገና በዓል መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። የተጠየቀው ክርስትናን ከአራተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የያዘ አገር ነው! የኮረምን ረሀብ ቀርፆ ዓለምን ያስነሣው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ሆኖ ሳለ፣ ዌምብሌይ ላይ ከአፍሪካ የተጋበዘ ባንድ አልነበረም። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ ጁላይ 2 ቀን 2005 የላይቭ ኤይድ ተከታይ የሆነው ላይቭ ኤይት ሲዘጋጅ ያው ስሞታ ተነሣ። መልሱ ምን ሆነ? ለአፍሪካ ሙዚቀኞች የተለየ ኮንሰርት፣ ያውም ዋናው መድረክ ካለበት ከሃይድ ፓርክ ርቆ ኮርንዋል ውስጥ። ስለ እነሱ በተጠራ ድግስ እነሱ ጓዳ ተቀመጡ። ይህ በጣም ያመኛል።

ሸክላ ሰብሳቢ፦ ስለ መድረኩ ያልከው ልክ ነው፤ እኔንም ቅር ሲለኝ ኖሯል። የገባውን እህል ግን ከሒሳቡ አልሰርዝም።

የድምፅ ባለሙያ፦ እኔ ኮንሰርትን ከሚክሰሩ ጀርባ ሆኜ ስለማየው ስለ በሩ ልናገር። ዲሴምበር 3 ቀን 1979 አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ውስጥ «ዘ ሁ» የተባለው ባንድ ሊጫወት ሲል 11 ሰዎች መግቢያው ላይ በግፊያ ሞቱ። አብዛኛው ትኬት የወንበር ቁጥር አልነበረውም፤ ቀድሞ የገባ ፊት ይይዛል። የተከፈቱት በሮች ደግሞ ጥቂት ነበሩ። ጁን 30 ቀን 2000 ዴንማርክ፣ ሮስኪልዴ ላይ ፐርል ጃም የተባለው ባንድ እየተጫወተ ሳለ 9 ወጣቶች ከመድረኩ ፊት ታፍነው ሞቱ። ስለ ሰብዓዊ መብት እየዘፈኑ በር ከፋች ሠራተኛ ለመቅጠር መሰሰት ምን የሚሉት ነው?

ፉጋዚ የሚባለውን የዋሽንግተን ባንድ የማከብረው ለዚህ ነው። ትኬታቸውን 5 ዶላር አካባቢ ለማድረግ ይታገሉ ነበር፤ በዕድሜ ምክንያት ከበር የሚመለስ ሰው አይፈልጉም። ፊት ላይ ሌላውን የሚደበድብ ካዩ ዘፈኑን አቋርጠው በጨዋ ቃል ያናግሩታል። እምቢ ካለ 5 ዶላሩን በፖስታ ይመልሱለትና ይሸኙታል፤ ፖስታውን ለዚሁ ብለው አዘጋጅተው ነበር የሚመጡት። እንዲህ ሲሆን ሰውነቱ ደቃቃ የሆነም ሰው ፊት መቆም ይችላል።

ሙዚቃ ብቻ፦ የእኔ ኮንሰርት እንዲህ ያለው ነው። በዋጋውም ላይ ከእናንተ ጋር ነኝ። ፐርል ጃም በ1994 ትኬትማስተር በተባለው ትኬት ሻጭ ኩባንያ ላይ ለአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አቤት ብለው፣ ኮንግረስ ፊት ቀርበው መስክረው፣ ምርመራው በማግስቱ ዓመት ያለ ውጤት ተዘጋ። በ2024 ግን ሚኒስቴሩ ራሱ ትኬትማስተርንና ባለቤቱን ላይቭ ኔሽንን ከሰሰ። ለዚህ ዓይነቱ ክርክር ብዙ ቢደክሙ ደስ ይለኛል።

ግን «ሙዚቃ ብቻ» ማለትን ፈሪነት አታድርጉብኝ። ቼኮስሎቫኪያ ውስጥ ፕላስቲክ ፒፕል ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ የሚባል ባንድ ነበር። መፈክር አላሰሙም፤ የፈለጉት ያሻቸውን መጫወት ብቻ ነው። መንግሥት ያንንም አልቻለውም። በ1976 አባላቱ ታስረው ተፈረደባቸው። ችሎቱን የተከታተለው ጸሐፌ ተውኔት ቫክላቭ ሃቬል ከሌሎች ጋር ሆኖ በጃንዋሪ 1977 ቻርተር 77 የተባለውን የሰብዓዊ መብት ሰነድ አወጣ። ያ ሁሉ የመጣው መጫወት ብቻ ከፈለጉ ሰዎች ነው።

የፊት ረድፍ፦ እነሱ ዋጋ ከፍለውበታል፤ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። አሁን ደግሞ ክዊንን አስቢ። በኦክቶበር 1984፣ አፓርታይድ ላይ የባህል ማዕቀብ እያለ፣ ደቡብ አፍሪካ ሳን ሲቲ ወደሚባለው መዝናኛ ሄደው ተጫወቱ። እኛ ሙዚቀኞች ነን፣ ፖለቲካ ውስጥ የለንበትም አሉ። የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበር ቀጣቸው። ላይቭ ኤይድ ላይ የሁላችንን ፀጉር ያቆመው ያው ባንድ ነው፤ በመሀሉ ያለው ዘጠኝ ወር ነው። ቼኮስሎቫኪያ ውስጥ መጫወት ብቻ የሚያሳስር ነበር፤ ሳን ሲቲ ላይ ግን ገንዘብ የሚያስገኝ። አንድን ቃል ሁለቱም ቢሉት እኩል አይመዝንም። ክዊንን የምወድ ሰው ባልሆን ኖሮ እንዲህ ባልተናደድኩ።

ሙዚቃ ብቻ፦ መሄዳቸውን እኔም አልደግፍም። ጊታር ተጫዋቹ ስቲቨን ቫን ዛንት በ1985 ሙዚቀኞችን አሰባስቦ ሳን ሲቲ አንጫወትም ያሰኛቸው ልክ ነበር። አለመሄድ ሌላ ነው፣ ሄዶ መስበክ ሌላ። እስቲ አንተ ምን ያህል ንግግር ይበቃሃል?

የፊት ረድፍ፦ አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ጁላይ 19 ቀን 1988 ምሥራቅ በርሊን ላይ የተናገረውን ያህል። ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ፊቱ ቆሟል። በጀርመንኛ፣ ለየትኛውም መንግሥት ወግኖ ወይም ተቃውሞ እንዳልመጣ፣ ሮክ ሊጫወት እንደመጣና መሰናክሎች ሁሉ አንድ ቀን እንዲፈርሱ ተስፋ እንደሚያደርግ ተናገረ። ወዲያው ወደ ዘፈኑ ገባ።

ሸክላ ሰብሳቢ፦ የበርሊንን ግንብ ያፈረሰው ግን ዘፈን አይደለም።

የፊት ረድፍ፦ አላልኩም ጋሼ። ያን ዕለት እዚያ የቆመው ሕዝብ አብሮ ምን እንደሚመኝ እርስ በርሱ ተያየ ነው የምለው። በየቤቱ ሆኖ ሬዲዮ ቢሰማ ይህን አያገኘውም።

ሙዚቃ ብቻ፦ ያንን ዓይነቱን እሰማለሁ፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላዘዘኝም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ የሚያስተምረኝ ባንድ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ትኬቱን አልገዛለትም፤ የእኔ መልስ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው።